መኪናው ከመፈታቱ በፊት ይደመጥ

የማኅበር መኪና የጋራ ንብረት ነው። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ወደ ገበሬው፣ ጤፉና ስንዴው ወደ ገበያ የሚደርሰው በእርሱ ነው። መኪናው አንድ ሳምንት ጋራዥ ሲቆም የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን መላው አባል ነው።

ከደብረ ብርሃን መስመር በለገጣፎ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ሾፌር በኮተቤ፣ በገርጂና በቦሌ በርካታ ጋራዦች ያገኛል። ችግሩ የጋራዥ እጦት አይደለም። ሾፌሩ «ፊቱ ይጮኻል» ብሎ ብቻ መኪናውን ሲያስረክብ፣ የፊቱ አክስል በሙሉ ይፈታል፤ ደህናው ዕቃ ሳይቀር ይለወጣል፤ ሒሳቡንም ማኅበሩ ይከፍላል። ይህ አሠራር መታረም አለበት።

በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ፊት ሲጮኽ፣ ሾፌሩ ምንም ሳይፈታ ብዙ ሊያውቅ ይችላል። በመጀመሪያ መኪናውን አቁሞ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫነው። ቆሞም ከጮኸ፣ ደርቆ የሚንሿሿው የባሌስትራው ቦኮላ ወይም ጎሚኒ ነው።

የሚጮኸው ሲሄድ ብቻ ከሆነ፣ በፊት ጎማዎቹ መሐል በእጅ የሚዞረው «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚለው መቆለፊያ እውነቱን ይናገራል። «ፍሪ» ላይ ሲሆን ጎማው ብቻውን ይዞራል፤ የፊቱ ትራንስሚሲዮንና ዲፍረንሻል ይቆማሉ። ስለዚህ በ«ሎክ» ጮኾ በ«ፍሪ» ዝም ካለ፣ አስቀድሞ መታየት ያለበት ክሮቼራው ነው። ትራንስሚሲዮኑ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ የክሮቼራ ጩኸት ቶሎ ቶሎ የሚል ነው። በ«ፍሪ»ም ከጮኸ ግን ነገሩ ያለው ጎማው ዘንድ ነው። ፍሬን በቀስታ ሲያዝ ድምፁ ከተለወጠ ፍሬኑ ይታይ። በክሪክ ተነሥቶ ላይና ታቹ ሲወዘወዝ ጎማው ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ይጠረጠራል።

«ሾፌር መካኒክ አይደለም» የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፤ የሚጠየቀው ግን እንዲጠግን ሳይሆን እንዲመሰክር ነው። ፍሬንና ኩሽኔታ የሰው ሕይወት የሚያጠፉ በመሆናቸው፣ ከተጠረጠሩ መኪናው ሳይጫን በዚያው ዕለት ባለሙያ ይየው። ድምፅ ለማጥፋት ፍሬን አጠገብ ዘይት መቀባት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣም እንወቅ። በክረምት ወንዝና ጭቃ ግራሶውን ያጥባል፤ በበጋ ደግሞ የፊቱ ክፍል ለወራት ሳይዞር ይቆማል። ቶዮታ ለላንድክሩዘር ባወጣው መመሪያ በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በአራቱም ጎማ እንዲነዳ ይመክራል። ይህም በደረቅ አስፋልት ላይ ሳይሆን በኮረኮንች ወይም በአፈር መንገድ መሆን አለበት። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ክሮቼራውን ግራሶ ማጠጣት ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

እንግዲህ የማኅበራት መሪዎች ሦስት ነገሮች እንድታደርጉ እናሳስባለን። ድምፁ መቼና የት እንደሚሰማ በደብተር ተጽፎ ካልቀረበላችሁ ለጥገና ገንዘብ አትፍቀዱ። ጋራዡ የተባለውን ክፍል ብቻ እንዲያይ፣ ሌላ የሚፈታ ካለም አስቀድሞ እንዲያስታውቅ በጽሑፍ ተስማሙ። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃም ተረከቡ። ለመኪናው የሚወጣው ገንዘብ ገበሬው በላቡ ያፈራው ነውና፣ እንደ እህሉ ሁሉ ተቆጥሮ ይውጣ።