የአርሰናልን ታውቃላችሁ፤ የሀዋሳንስ?

እስቲ አንድ ጥያቄ፦ በ1996 ዓ.ም. ዋንጫ ያነሳው ማን ነው? "አርሰናል ነዋ! ያውም ሳይሸነፍ!" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። በዚያው ዓመት ግን የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ የወሰደው የኛው ሀዋሳ ከተማ ነበር።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫው ከአዲስ አበባ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ ጊዮርጊስና መብራት ኃይል ሲቀባበሉት ከረሙ። በሩን የከፈተው ሀዋሳ ነው። በ1999 ደገመው። ሌላ የክልል ክለብ፣ ጅማ አባ ጅፋር፣ ዋንጫውን እስኪያነሳ 2010 ደረሰ።

ለጨዋታ ያህል ደግሞ፦ በ2005 በአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ ያገባው አዳነ ግርማም፣ ግብጽ ሄዶ የተጫወተው ሽመልስ በቀለም ከሀዋሳ ከተማ የተነሱ ናቸው።

ታዲያ ይህን ታሪክ ከማን እንሰማዋለን? በአብዛኛው ከሰፈር ትልልቅ ሰዎች። የሰው ትዝታ ደግሞ ከሰውየው ጋር ያረጃል። የእኔ ሃሳብ አጭር ነው፦ የሁለቱን ዓመት ተጫዋቾች ስም ስታዲየሙ በር ላይ እንጻፍ፤ እነሱንም በሕይወት ሳሉ ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው። ለአርሰናልማ የሚጽፍለት ሞልቷል። ሀይቆቹ ከእኛ ሌላ ማን አላቸው?