ለባልባላ ሰው ምን ያደርግለታል?

ባለፈው ዓርብ ከከተማ የመጣ እንግዳ፣ የተማረ የአገሬ ልጅ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ግድግዳዬን ያይ ነበር። በቆርቆሮው ማገር ላይ አራት ፖስትካርድ ሰክቻለሁ። አራቱም የአብስትራክት ሥዕል ቅጂ ናቸው። «እህቴ፣ ይሄ ዝም ብሎ የተደፋ ቀለም ለባልባላ ሰው ምን ያደርግለታል? ይልቅ ውሃው ቢመጣ አይሻልም?» አለኝ። እንግዳ ነውና ሻዩን ጨመርኩለት እንጂ አልመለስኩለትም። ሌሊቱን ግን ሲከነክነኝ አደረ። መልሴ ይኸው።

ውሃውም ይምጣ፣ ሥዕሉም ይኑር። ድሃ ዓይን የለውም ያለው ማነው? ይህ ሰፈራችን ባልባላ የበዛው ፈረንሳዮች በ1966 የጅቡቲን ከተማ በሽቦ ሲያጥሩ ከአጥሩ ውጭ በቀሩ ሰዎች ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው እዚህ በምንኖርበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከተማዋ የራሴ ናችሁ ያለቻቸው በ1987 ነው። ከደጄ ፊት ለፊት ያለው አጥር ከተቀደደና ከተዘረጋ በርሜል የተሠራ ነው፤ ሰማያዊው ቆርቆሮ ከቢጫው ጋር ተጣብቆ፣ ዝገቱ በመሃል ወርዶበት። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ሥራዬን አቁሜ አየዋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎረቤቶቼ ድሪዕ ለሚሉት ሰፊ ቀሚሳቸው ስስ ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ብርቱካናማው በሐምራዊው ላይ የፈሰሰበት፣ ቅርጹ ከምንም ነገር ጋር የማይመሳሰል። «ይሄ ምንን ይወክላል?» ብላ የጠየቀችኝ አንዲት ሴት የለችም። ወደ በሩ ወስዳ በብርሃን ታየዋለች፣ ከፊቷ ጋር ታስተያየዋለች፣ ትወስናለች። የእኛ የኢትዮጵያውያኑስ የቀሚስ ጥለት? ያ ሁሉ መስመርና ማዕዘን የምን ምስል ነው? የአፋር ሴቶች ከዘንባባ የሚሠሩት ሰሌንስ? እናቶቻችን ጥለት መርጠው ሲያሸምኑ «አይገባኝም» አላሉም። «አይገባኝም» ማለትን የተማርነው ከሥዕል ቤት ደጃፍ ነው፣ ያስተማሩንም እንደ እንግዳዬ ያሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው።

«ወረቀት ነው፣ ርካሽ ነው» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ሠዓሊያችን እስክንድር ቦጎስያን በ1964 የሠራውን «የጁጁ ሠርግ» የተባለ ሥዕል ዛሬ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይዞታል። ሥዕሉ የተሠራው በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ነው። ካርቶን! እኛ ጣሪያ የምንደፍንበት። ጎኑም ከግማሽ ሜትር እምብዛም አይዘልም። ሌላው ሠዓሊያችን ኤልያስ ስሜም ቢሆን ከአዲስ አበባው መርካቶ የገዛውን የተጣለ ሽቦና የኮምፒዩተር ዕቃ ነው ዓለም እንዲቆምለት ያደረገው። ጥበብ ወረቀትን ንቆ አያውቅም። የናቅነው እኛ ነን።

ቅጂ ዋናውን ይተካል አልልም። ማተሚያ ቤት በአራት ቀለም ነጠብጣብ ነው የሚሠራው። እስክንድር በዚያ ካርቶን ላይ የቀባው የብረት ቀለም በአራቱ ሲታተም ብርሃኑን አጥቶ ቡናማ ይሆናል። ይህን አውቃለሁ። ግን አዲስ አበባ መመለሻ የሌለው፣ መታወቂያ ሳይኖረው በረሃ አቋርጦ እዚህ የደረሰ ልጅ ዋናውን በየት ያየዋል?

ከእንግዳዬ በላይ የተቆጣሁት ግን በአሳታሚዎቹ ነው። ከአራቱ ካርዶች አንዱን ያመጣልኝ ፒኬ ዱዝ በሚባለው የመኪና ማቆሚያ የሚያድር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ለሚስቱ ቀሚስ ሰፍቼለት፣ «ቀለም ትወጃለሽ ብዬ» ብሎ በጋላፊ ድንበር በኩል በጋቢናው ይዞት መጣ። ጥቁር ሰማያዊ መደብ ነው፤ ከላይ ከቀኝ እሳት የመሰለ ብርቱካናማ ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ ሦስት አረንጓዴ ቁርጥራጮች ይቀበሉታል፣ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ጠርዛቸው የተተለተለ። ያንን ሰማያዊ አንድ ዓመት ሙሉ አይቼ አልጠገብኩም። ሠዓሊው ማነው? አላውቅም! ጀርባውን ሳገላብጥ «ባህላዊ ሥዕል» ከሚል ጽሑፍና ከዋጋው በቀር ምንም የለም። ስም የለም፣ ዓመት የለም፣ ልኩ የለም። ሥዕሉን በአሥር በአሥራ አምስት ሳንቲሜትር ካርድ ለማግባት ጠርዙን ቆርጠውታል። ፊርማው ከታች ነበር፤ አንድ «መ» የሚመስል ፊደልና የሁለተኛው ግማሽ ብቻ ቀርተዋል። እኔ የሰው ቀሚስ ጠርዝ ያለፈቃዱ ብቆርጥ በማግስቱ ማን ጨርቅ ያመጣልኛል? የሰው ድካም ሸጦ ስሙን በመቀስ ቆርጦ መጣል ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የእንግዳዬ ጥያቄም አዲስ አይደለም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ ተምሮ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ተመልሶ ሥራውን ሲያሳይ ያኔም «ይሄ የእኛ አይደለም» ያሉት ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ ተሰደደ። በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ፣ በሰው አገር ሞተ። ከጀርመን የተመለሱ ሥዕሎቹን የያዘውና በስሙ የተሰየመው ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተከፈተው በ2008 ነው፤ እሱ ካለፈ ከ27 ዓመት በኋላ። የስደተኛ ሥዕል ለስደተኛ አይሆንም የሚለኝ ካለ ባልባላ ይምጣና ይንገረኝ።

ስለ ፖስትካርድ ካነሳሁ፣ ድሮ ኢትዮጵያ በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት እስክትገባ ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የሚያልፈው በዚህችው ጅቡቲ፣ የፈረንሳይ ቴምብር ተለጥፎበት ነበር። ያኔ የሚላከው ካርድ ግመልና ጨው፣ ስሟ ያልተጻፈ ኮረዳም ነበር፤ ፈረንጅ ለፈረንጅ የሚልከው። አሁን ደግሞ ለእኛ ይታተም። ሥዕል ቤቶች፣ ሙዚየሞች፣ ሠዓሊዎች፣ ማተሚያ ያላችሁ ሁሉ፣ በአንድ ሻይ ዋጋ አትሙልን። ጠርዙን አትቁረጡ። ጀርባው ላይ የሠዓሊውን ስም፣ ዓመቱንና የዋናውን ልክ በአማርኛ ጻፉ። ከዚያ ለሹፌሮቹ ስጧቸው፣ እነሱ መንገዱን ያውቁታል።

በሰማያዊው ካርድ ጀርባ «ባህላዊ ሥዕል» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ ነው። በ«መ» የሚጀምር ፊርማ ያለውን፣ ብርቱካናማው ከቀኝ የሚወርድበትን ይህን ሥዕል የምታውቁ ካላችሁ ኑና ስሙን ጻፉልኝ።