«ጠርናፊ» አለቃ

ከጂንካ የጻፉልን እህት «አለቃዬ ጠርናፊ ነው። ለመስክ ስወጣ ቀይ አፈር፣ ዲመካ፣ ቱርሚ በደረስኩ ቁጥር ካልደወልኩ ይቆጣል፤ አንዷን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ያስጽፈኛል። ሥራዬን ልልቀቅ ወይ?» ይላሉ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ጠረነፈ ማለት የተበታተነውን ሰብስቦ አንድ ላይ አሰረ ማለት ነው፤ ምንም ክፋት የለበትም። ያስጠላው በኢሕአዴግ ጊዜ የመጣው «አንድ ለአምስት» ነው። አንዱ አምስቱን ይጠረንፋል፤ ማን ምን ሠራ፣ ከስብሰባ ማን ቀረ ብሎ ወደ ላይ ያሳውቃል። ገበሬውም፣ ተማሪውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም አልቀረለትም። ግንባሩ በ2012 ዓ.ም. ከሰመ፤ ቃሉ ግን ይኸው ከአለቆች ጋር ቢሮ ቀረ። ፈረንጆቹ «ማይክሮማኔጅመንት» ይሉታል። የኛው ይበልጣል ባይ ነኝ፣ ገመዱ ይታያል እኮ!

እህቴ፣ አሁን አይልቀቁ። እንዲህ ያለው አለቃ ብዙውን ጊዜ የበላዩን የሚፈራ ነው፤ እሱም ተጠርንፏል። መስክ ከመውጣትዎ በፊት ዕቅድዎን ሳይጠይቅዎት በጽሑፍ ይስጡት፤ የትኛውን ራስዎ እንደሚወስኑ ጨምረው ያስፈርሙት። ከዚያ ቱርሚ ሲደርሱ አንዴ ይደውሉ፤ ዲመካ ላይ ይለፉት። ከተቆጣ የፈረመውን ያሳዩት። ሁለት ወር ሞክረው ካልተለወጠ የዝውውር ማመልከቻ ያስገቡ። መልቀቁን ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን፣ ይጻፉልኝ።