እድራችን ባሕር አይሻገርም

ቪዛ የወጣለት ሰው ምን ምን እንደሚያዘጋጅ መንደራ ቆጪ ውስጥ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የጤና ምርመራ፣ ሻንጣ። ከዚያ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ተቆልቶ የተፈጨው ቡና። ሻንጣው ኪሎ አለፈ አላለፈ ተብሎ ሦስቴ ይመዘናል። እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሕይወት መድን የሚባል ነገር ገብቶ ግን አይቼ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሱ ነው፤ በተለይ «ከሄድኩ ለመኖር ነው» ብላችሁ ለተነሳችሁ።

«ገና ሳልሄድ ሞት ታወራብኛለህ? አታሟርት!» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እሺ፣ ሞቱን ለጊዜው እንተወውና ሒሳቡን እንይ።

ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ወጣት ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም፤ የቤተሰቡን ጥሪት ይዞ ነው የሚሄደው። አንዱ ቤት በሬ ይሸጣል። ሌላው ከዘመድ ይበደራል። ቡናውን ገና በአበባው እያለ ለነጋዴ የሚሸጥም አለ። ዲቪ ደርሶት ለሚሄደውም፣ በሥራ ውል ዓረብ አገር ለምትሄደውም ነገሩ አንድ ነው፤ ልጁ ደርሶ፣ ሠርቶ ይመልሳል ተብሎ ነው። ዕዳው የመላው ቤት ነው፣ ከፋዩ ግን አንድ ሰው። ያ ሰው አንድ ነገር ቢሆን ቤተሰቡ ልጁንም ተስፋውንም በአንድ ቀን ያጣል፤ ዕዳው ግን እንዳለ ይቀመጣል። አበዳሪውም ለቅሶ ይደርሳል፣ ያለቅሳል፣ ከሰነበተ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

«እድር አለን እኮ!» ትሉኝ ይሆናል። እድርን የመሰለ ነገር የለም፤ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። የተሠራው ግን ጎረቤት ለሞተበት ጎረቤት ነው። ዕዳ አይከፍልም፣ አስከሬንም ከሪያድ ወይም ከቤይሩት አያመጣም። ባሕር ማዶ የሞተ ሰው ሲኖር ምን እንደምናደርግ ስልካችሁ ላይ አይታችሁታል። በቴሌግራምና በፌስቡክ ፎቶ ይለጠፋል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይጻፋል፣ «አስከሬኗን ለአገሯ አፈር እናብቃ» ይባላል። ሕዝባችን ደግ ነውና ይሰጣል። ግን ለአንዷ ይሞላል፣ ለሌላዋ አይሞላም። የአንድ እናት ሐዘን ስንት ሰው ሼር አደረገው በሚል መወሰን የለበትም።

በሥራ ውል ለምትሄዱ ሕጉ ያሰበላችሁ ነገር አለ። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመድን ሽፋን ወጪን የጫነው በአሠሪው ላይ ነው። ከእናንተ ኪስ የሚወጣ አይደለም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «የመድኑ ወረቀት የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፎቶ አንሱትና ለእናታችሁ ወይም ለወንድማችሁ ላኩት። በደላላ በኩል በድብቅ የሚሄድ ሰው ግን ይህ የለውም፤ ውል ከሌለ የሚጠየቅ አሠሪም የለም።

ለመኖር የምትሄዱት ደግሞ ራሳችሁ ናችሁ የምትገዙት። እዚህ ላይ የእኔ አስተያየት ትንሽ ከሻጮቹ ይለያል። ለሃያ ዓመት የሚቆይ፣ ቁጠባ ያለበት የብር መድን ገዝታችሁ አትሂዱ። ለምን? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የአንድ ሚሊዮን ብር ውል የነበረው ሰው በውሉ ላይ አንድ ፊደል ሳይቀየር ወደ 17 ሺህ ዶላር ያወጣ የነበረው ገንዘብ ከግማሽ በታች ወረደ። ኑሮው በዶላር የሚሆን ሰው ለእርጅናው በብር መቆጠብ አያዋጣውም።

ዕዳው ግን በብር ነው! ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ ለአጭር ጊዜ የሚቆይ፣ ቁጠባ የሌለበት፣ በሞት ጊዜ ብቻ የሚከፍል መድን ነው። አረቦኑ ቁጠባ ካለበት ያነሰ ነው። መጠኑን በምኞት አትወስኑት፤ የተበደራችሁትንና ቤተሰቡ አንድ ዓመት የሚኖርበትን ደምሩ፣ በቃ። ዕዳው እስኪያልቅና እዚያ አገር እግራችሁን እስክትተክሉ ያቆያችኋል። ከዚያ በኋላ በምትኖሩበት አገር ገንዘብ፣ በዚያው አገር ትገዛላችሁ። አሜሪካ ብዙ ቀጣሪዎች ለሠራተኞቻቸው የቡድን የሕይወት መድን ይሰጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራውን ስትለቁ እሱም ይቀራል። ስለዚህ በእሱ ብቻ አትተማመኑ።

ኩባንያው ቢሮ ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ብሞት ትከፍላላችሁ ወይ? መልሱ በአፍ ሳይሆን በውሉ ላይ ይታያችሁ። ሁለተኛ፣ የማትከፍሉባቸው ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው? ሦስተኛ፣ ከሄድኩ በኋላ አረቦኑን ማን፣ በምን መንገድ ይከፍላል? ስለ ጤናችሁና ስለ ጉዟችሁ ሲጠይቋችሁ ደግሞ እውነቱን ተናገሩ። ተደብቆ የተገባ ውል ዋጋው የሚታወቀው ቤተሰብ ገንዘቡን ሊቀበል ሲሄድ ነው።

ከሁሉም በላይ ስም ጻፉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 827 እንደሚለው ሟቹ ተጠቃሚውን ካልወሰነ የሕይወት መድኑ ገንዘብ ከውርሱ ጋር ይቀላቀላል። በስም የተወሰነ ተጠቃሚ ካለ ግን ከውርሱ ውጭ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ለቤተሰቤ» ብሎ መተው ወንድማማች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲመላለስ ማየት ነው። «ለእናቴ» ብሎ ሙሉ ስሟን መጻፍ ግን እሷ መታወቂያዋን ይዛ እንድትሄድ ማድረግ ነው። ስሟም መታወቂያዋ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ሰፈር ውስጥ የምትጠራበት ስም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ጅማ ውስጥ ብዙ ሰው መድንን የሚሸሸው በሃይማኖቱ ምክንያት እንደሆነም አውቃለሁ። ወለድ ያለበት ነገር አልነካም የሚል ሰው ትክክል ነው፣ እምነቱ ነው። ለእሱም መንገድ ተከፍቷል፤ ብሔራዊ ባንክ ለታካፉል መመሪያ አውጥቷል፣ አገልግሎቱን የጀመሩ ኩባንያዎችም አሉ። አባላት አዋጥተው የተጎዳውን የሚደግፉበት አሠራር ስለሆነ ነገሩ ለእድር ልጆች እንግዳ አይደለም። ሸኻችሁን ጠይቁ፣ ከዚያ ኩባንያውን ጠይቁ።

የመጨረሻው ነገር ከባዱ ነው፤ ለቤት መናገር። ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ ብትሄዱ የለም ማለት ነው። ዋናው ቅጂ ከሚቀረው ሰው ጋር ይቀመጥ። የኩባንያው ስም፣ የውሉ ቁጥር፣ ማን ዘንድ እንደሚኬድ ይታወቅ። ውጭ አገር የተሰጠ የሞት ማስረጃ በኤምባሲ በኩል መረጋገጥ እንዳለበትም ንገሯቸው። እናታችሁ ትቆጣለች፣ ምናልባት ታለቅሳለች። ይሁን። ቡና ተፈልቶ፣ ሁሉም ቤት ባለበት ቀን አውጡት። ለጉዞው የተበደረው ቤቱ ሁሉ ከሆነ፣ ይህንንም ቤቱ ሁሉ ይስማው።