ከዶሮዋ ጋር የኖራ ድንጋይም ይታደል

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ከዳንግላና ከእንጅባራ ዙሪያ የሚሰበሰበው እንቁላል ግን ገበያ የሚደርሰው ገለባ በተነጠፈበት ቅርጫት፣ በሰው ጀርባና በመኪና ነው። ቅርፊቱ የሳሳ እንደሆነ መንገድ ላይ ይቀራል። ነጋዴው የተሰነጠቀውን ለይቶ ስለሚመልስም ኪሳራው የሚያርፈው የእንቁላሉን ገንዘብ ለጨውና ለደብተር በምታውለው እናት ላይ ነው።

ለመሆኑ ቅርፊቱ ለምን ይሳሳል? ነገሩ የገቢና የወጪ ሂሳብ ነው። ቅርፊት ከ100 እጅ 95 ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ አንድ እንቁላል 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ይዞ ይወጣል። በዓመት ከ60 እንቁላል እምብዛም የማታልፈው የሀበሻ ዶሮ 120 ግራም ብታወጣ፣ ጓሮ ጭራ ለማካካስ ትሞክራለች። በደንብ ከተያዘች 280 እንቁላል የምትጥለው እንደ ቦቫንስ ብራውን ያለችው ዶሮ ግን 560 ግራም ታወጣለች። ለዚህም በቀን 4 ግራም ያህል ካልሲየም መመገብ አለባት። 100 ግራም በቆሎ የሚሰጣት ከ0.1 ግራም ያነሰ ነው። ከእህል ሁሉ በካልሲየም የሚመሰገነው የዳንግላው ዳጉሳ እንኳ ከግራም ሲሶ ብዙም አያልፍም። የጎደለውን ከአጥንቷ ትበደራለች፤ ብድሩ ሲበዛ መጀመሪያ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ቀጥሎ እግሯ ይደክማል።

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየሪፖርቱ ጎልቶ የሚሰማው የታደለው ጫጩት ቁጥር ነው። የተሰበረው እንቁላል ግን አይቆጠርም። ብዙ የምትጥል ዶሮ ሰጥቶ ቅርፊት መሥሪያውን መንሳት ግማሽ ልማት ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የኖራ ድንጋይ በዚያው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደጀን አጠገብ በዓባይ ሸለቆ ሞልቷል። ከሚበላው ግማሹ ብቻ ከሰውነቷ ቢዋሃድ እንኳ ለአንዲት ዶሮ በዓመት 3 ኪሎ ገደማ ይበቃታል። የአዊ አፈር አሲዳማ በመሆኑ ለማሳው ኖራ ይታሰብለታል፤ ለዶሮዋ ለምን ይቀራል?

እርግጥ ጥንቃቄ ያሻል። ግድግዳ የሚለቀለቅበት የተቃጠለ ኖራ አፍና ሆድ ያቃጥላልና ለዶሮ አይሰጥም። ተፈላጊው ያልተቃጠለው ድንጋይ ነው፤ እሱም ሸካራ ሆኖ ቢፈጭ ሆዷ ውስጥ ቆይቶ ቅርፊቱ በሚሠራበት ሌሊት ቀስ እያለ ይሟሟል። ከሰዓት በኋላ በተለየ ዕቃ ይቅረብ፤ ብዙ ካልሲየም የጫጩቶችን ኩላሊት ይጎዳልና እነሱ አይድረሱበት። ድንጋዩ እስኪመጣ ድረስ የቤቱ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ በምጣድ ተቆልቶና ተወቅጦ ያገለግላል።

ካልሲየም የእርጅናና የበሽታ መድኃኒት አይደለም። ሆኖም ከመኖ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ዶሮ አዳዩም ሆነ ዩኒየኑ ከእያንዳንዷ ዶሮ ጋር 3 ኪሎ ድንጋይ ቢያክል፣ የእናቲቱ እንቁላል ሳይሰበር ገበያ ይደርሳል።