ቁርስ ያልበላ ሁሉ ጿሚ አይደለም

በመኝታ ክፍሎቻችን አዲስ ጾም ገብቷል። 16 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት፣ በቀሩት 8 ሰዓታት መብላት፤ ይኸውም ክብደት ይቀንሳል፣ ጤና ይሰጣል ይሉናል። ሰባኪዎቹ ጃፓናዊውን ኦሱሚን ይጠቅሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል ተሸልሟልና። ሽልማቱን ያስገኘለት ምርምር ግን የተራበ እርሾ ላይ የተደረገ ነው። እኛ እርሾ ነን እንዴ?

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የቻይና ጥናት 139 ከልክ በላይ የወፈሩ ሰዎችን አንድ ዓመት ተከታትሏል። የሁሉም ምግብ ተቀነሰ፤ ገሚሶቹ ብቻ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲበሉ ታዘዙ። በክብደታቸው መካከል የሚያስተማምን ልዩነት አልተገኘም። ለዚህማ እናቶቻችንን መጠየቅ ይበቃ ነበር፤ ሁዳዴን በዘይት በራሰ ሽሮና በፓስቲ የሚያሳልፍ ሰው 55 ቀን ጾሞ ወፍሮ ይወጣል።

ቦርጭ ያለውና ሐኪሙን ያማከረ ይጹም፤ አልቃወምም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ግን በጓደኛ ምክር ቢጀምረው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ደግሞስ ይህን ምክር ለማን ነው የምንሰጠው? አንዲት የሰፈሬ ልጅ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። ስለ አዲሱ ጾም ባጫውታት ሳቀች። እርስዋ የቤት ኪራይ ከከፈለች በኋላ ቁርስ የምትበላው ደመወዝ በተቀበለች ሰሞን ብቻ ነው። ቀጭን ናት፤ ጤነኛ ናት የሚል ካለ መጥቶ ይያት።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚመክር የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ይላል። ስለ 16ቱ ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከር ተማሪዎች፣ ስለዚያ ቦርድ አንድ ማታ ተከራክረን እናውቃለን?