ከክንድ በፊት እግር



በነገሌ ቦረና ወይም በያቤሎ ዙሪያ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ድንጋይ ሲወረውር ካያችሁ፣ እጁን ትታችሁ እግሩን ተመልከቱ። ትንሹ በክንዱ ብቻ ይወረውራል፤ ቀኝ እጁ ሲዘረጋ ቀኝ እግሩም አብሮ ይሄዳል። ጥቂት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ግራ እግሩን ያስቀድማል። ጎረምሳው ደግሞ መጀመሪያ ዳሌውን ያዞራል፤ ደረቱ ይከተላል፤ ክንዱ እንደ ጅራፍ ጫፍ በመጨረሻ ይመጣል። ኃይሉ ከመሬት ተነስቶ ነው ጣቱ ላይ የደረሰው።

ይህን እትም ለውርወራ ሰጥተነዋል። ሩጫችንን ዓለም ያውቀዋል፤ ውርወራችንን ግን እኛም በቅጡ አላየነውም። ከሞያሌ ማዶ የኬንያው ጁሊየስ ዬጎ እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ ጦሩን 92.72 ሜትር ልኮ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የእኛ ቆላ ልጆችስ?

እነሱን ስናሠለጥን ግን ሜዳውም መሣሪያውም በዕድሜያቸው ልክ መሆን አለበት። ውርወራ የበዛበት ቤዝቦል በሚዘወተርባቸው አገሮች የልጆች ሜዳ ከአዋቂዎቹ ያነሰ ነው፤ ሯጮቹ በሚረግጧቸው ማረፊያዎች መካከል ለልጆች 18፣ ለአዋቂዎች 27 ሜትር ያህል አለ። ጦርም እንዲሁ ነው፤ ለአዋቂ ወንዶች 800 ግራም፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉት 700። ክርኑ ገና ላልጠና ልጅ የአዋቂ ጦር ማስጨበጥ በጣም ያሳስበኛል። ቦረና በገዳ ሥርዓቱ ዕድሜን በየ8 ዓመቱ ከፍሎ ለእያንዳንዱ እርከን የሚገባውን ተግባር ይሰጣል፤ አሠልጣኞቻችን ከዚህ ብዙ የሚወስዱት አለ።

የቆላ ከተሞች የስፖርት መምህራን፣ በሜዳችሁ የምታዩትን ጻፉልን።

አዘጋጁ